የውሻ ዋስ

ባለቤት የሌለው ውሻ መንገድ ላይ ተከትሏችሁ ያውቃል? ልብ ብላችሁ ከሆነ አጠገባችሁ አይደርስም። ስትሄዱ ይሄዳል፤ ዞር ስትሉ ይቆማል፤ ድንጋይ ልታነሱ ጎንበስ ያላችሁ ከመሰለው ሳትወረውሩም ይሸሻል። ቤታችሁ ስትደርሱ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ በሩ ሲዘጋ ያያል። እኔ ደብረ ብርሃን ማስተማር በጀመርኩበት ጊዜ ይህ በየቀኑ ይደርስብኝ ነበር። ከትምህርት ቤት እስከ ተከራየሁበት ቤት አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ ሆነው ይከተሉኛል። ተማሪዎቼ «የመምህርቷ ሰልፍ» ይሉት ነበር።

ውሾቹ ከየት እንደመጡ ላስረዳ። ድርቁ በጠናበት ዓመት ከሰላ ድንጋይና ከመዘዞ በኩል ብዙ ቤተሰብ ለሰፈራ ተጭኖ ሄዷል። ያ መኪና ሰውና ጥቂት ጓዝ እንጂ ውሻ አይጭንም። የተተወ ውሻ መጀመሪያ ባዶውን ግቢ ይጠብቃል። ረሃቡ ሲጠናበት የሰውና የጢስ ሽታ ወዳለበት ይሄዳል። ደብረ ብርሃን ቄራ አላት፣ ሥጋ ቤት አላት፣ የበግ ገበያ አላት፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የመጡት ወደ እኛ ነበር።

ችግሩ የበረታው ሁዳዴ ሲገባ ነው። በጾሙ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ይዘጋሉ። ክፍት የሚሆነው የእስላም ሥጋ ቤት ብቻ ነው፤ በየጉድጓዱ የሚጣለው አንጀትና አጥንት ይጠፋል። ሰው የሚጾመው አውቆ ነው፤ ውሻው ግን ምን እንደመጣበት አያውቅም። ቤት እየገባ ቡሃቃ መገልበጥ፣ ዶሮ መያዝ፣ የትምህርት ቤቱን የቆሻሻ ጉድጓድ መቆፈር ይጀምራል።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጥጥ እየፈተሉና ማተብ እየገመዱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ በመሸጥ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። እኔ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ክረምት ብሔራዊ ውትድርና ደርሶት ሄዷል። ውሻው የእሱ ነበር፤ ገብስማ፣ እግሩ ረጅም፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። ልጁ የተጫነበትን መኪና ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ እስከ ኬላው ድረስ እየሮጠ ተከተለው። መኪናው ኬላውን አልፎ ሄደ፤ ውሻው እዚያው ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲነጋ ኬላው ሥር ሄዶ ይቀመጣል። ቢያስሩት ገመዱን ይበላል። በር ቢዘጉበት ከአጥሩ ሥር ይቆፍራል። አንዳንድ ቀን ለምሳ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመጣም።

«ልጄ መኪናው ላይ ሆኖ የተናገረኝ አንድ ነገር ነው» አሉኝ አንድ ቀን እንዝርታቸውን እያሾሩ። «‹እማዬ፣ ውሻዬን አደራ› አለኝ። ራስሽን ጠብቂ አላለኝ፣ ጸልዪልኝ አላለኝ። ልጅ ነው እኮ። አሁን ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ያንን ነው።»

ሲመጣ ይሉ ነበር። ቢመጣ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

በጾሙ አጋማሽ አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እብድ ውሻ ነከሰው። ለመርፌ አዲስ አበባ ወሰዱት፤ ተረፈ። ማዘጋጃ ቤቱ ዝም ሊል አይችልምና ከቀበሌዎች ጋር ሆኖ መርዝ እንዲጣል ወሰነ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ በድምፅ ማጉያ «ውሻ ያለው ውሻውን ይሰር» ተብሎ ይነገራል። ከዚያ በተቆረጠው ቀን አመሻሽ ላይ መርዝ የገባበት ሥጋ በየመንገዱ ይጣላል። በማግስቱ ጠዋት ጋሪ እየዞረ የሞቱትን ይለቅማል። ለሳምንታት የሥጋ ሽታ ያልደረሰው ውሻ ያን ሥጋ አይቶ ያልፋል ብሎ የሚያስብ የለም።

አከራዬ የድምፅ ማጉያውን ሲሰሙ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«አይታሰርልኝም» አሉ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄድኩ። እዚያ የሚሠራውን ረዳት ሐኪም ከተማው ሁሉ ዶክተር ይለው ነበር፤ እኔም እንደዚያው ጠራሁት።

«ረዳት ነኝ» አለኝ። «በጉ ሲድን ዶክተር ይሉኛል፣ ሲሞት ደግሞ ‹ድሮስ ረዳት!› ይላሉ። ምን ልርዳሽ?»

ነገርኩት። ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደና በድንጋይ ካብና በእንጨት የታጠረ ሰፊ በረት አሳየኝ። ለእርባታ የሚመጡ በጎች የሚቆዩበት ነው፤ እስከ ፋሲካ ባዶ ይሆናል። ከአጥሩ ግማሹ ወድቋል።

«በረት አለኝ፣ ክትባት አለኝ» አለ። «የሌለኝ የሚያበላቸውና ኋላ የሚወስዳቸው ሰው ነው። የሚወስዳቸው ከሌለ ውሻ በረት ውስጥ ማጎር ሞቱን ማዘግየት ነው። ክትባቱም የተሰጠኝ ባለቤት ላለው ውሻ ብቻ ነው። ከቀበሌ አስፈቅደሽ ነይ፣ ሰውም ይዘሽ ነይ።»

እሑድ ጠዋት የቀበሌው ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሩ ቀድሞ ልብስ ሰፊ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ በጣታቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ እንደ ጨርቅ ይለካሉ። ሌላው አጀንዳ ካለቀ በኋላ እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ውሾቹ ሐሳብ አለኝ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ውሾቹ።»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ጓድ መምህርት፣ በድርቁ ጊዜ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ላይ ሰው ተኝቶ ነበር። በረሃብ ያበጠ ሰው። አንቺ ያኔ እዚህ አልነበርሽም። አሁን ስለ ውሻ እንናገር?»

የማውቀውን ብቻ ተናገርኩ። መርዙ ዛሬ ያሉትን እንደሚገድል፣ ቦታው ባዶ ሲሆን ግን ከገጠር ሌሎች እንደሚመጡ፣ የሚመጡትም ያልተከተቡ እንደሚሆኑ አስረዳሁ። ተከትቦ ሰፈሩ ውስጥ ያለ ውሻ ሌላውን እንደማያስገባ ተናገርኩ። በረቱን ነገርኳቸው፣ ክትባቱን ነገርኳቸው። የተነከሰው ልጅ የእኔ ተማሪ እንደሆነም ነገርኳቸው።

ሊቀመንበሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ ለኩ።

«ክትባቱ ባለቤት ላለው ነው። ባለቤት የሌለውማ እንደ ማንኛውም ሰው ዋስ ይጥራ። ዋስ ያለውን አንነካም። ዋስ የሚሆን አለ?»

የሳቀ አልነበረም። ይህ ለምን እንደሆነ ያን ዘመን ላላየ አንባቢ ማስረዳት አለብኝ። ሥራ ለመቀጠር ዋስ ያስፈልጋል፤ ከእስር ለመፈታት ዋስ ያስፈልጋል፤ ራቅ ወዳለ ቦታ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ሲጠየቅም ዋስ ያስፈልጋል። ዋስ የሆንክለት ሰው ከጠፋ በእሱ ቦታ የምትቀመጠው አንተ ነህ። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ አናጺ ነበር። ለአክስቱ ልጅ ዋስ ሆኖ፣ ልጁ ጠፍቶበት፣ ታስሮ የተፈታ ሰው ነው። ከተፈታ ወዲህ ሰላምታ እንኳ ሲሰጥ መሬት እያየ ነበር። ከእሱ በኋላ በእኛ ሰፈር ወንድም ለወንድሙ ዋስ መሆን ትቷል።

ከመሃል አንዱ ሊያቀልለው ሞከረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ዋስ ሆኜለት ውሻው ቢጠፋ እኔን ልታስሩኝ ነው?»

«እንደ አጠፋፉ» አሉ ሊቀመንበሩ። ቀልድ ይሁን አይሁን ያወቀ የለም።

ያን ጊዜ አከራዬ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ።

«እኔ ዋስ ነኝ።»

«ለየትኛው?»

«ለገብስማው።»

«ኬላ የሚውለው? እሱ ባለቤት አለው እኮ።»

«ባለቤቱንማ ወስዳችሁታል» አሉ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሊቀመንበሩ የጠረጴዛውን ጠርዝ መለካት ተዉ፤ የእሳቸውም የወንድም ልጅ በዚያው መኪና መሄዱን የሰማሁት ኋላ ነው።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ሌላ?»

አናጺው ተነሣ። ለማን እንደሚናገር የማያውቅ ሰው መስሎ ግድግዳውን እያየ «ወፍጮ ቤቱ ጋ ለሚተኛው ጥቁር እኔ» አለ። ተመልሶ ተቀመጠ። ከእሱ በኋላ እጅ መውጣት ጀመረ። ሰው ውሾቹን በስም ባያውቃቸውም በውሎአቸው ያውቃቸው ነበር፤ የበግ ተራዋ፣ አንካሳዋ፣ ትምህርት ቤት ደጅ የወለደችው። ሊቀመንበሩ ሁለት ነገር አዘዙ። ዋስ ያለው ውሻ ሁሉ አንገቱ ላይ ምልክት ይኑረው። መርዝ በሚጣልበት ቀን ደግሞ በረት ውስጥ ይግባ። ምልክት የሌለውንና ውጭ የተገኘውን አናውቅም አሉ።

ሥራው ተጀመረ። አናጺው የወደቀውን አጥር በራሱ እንጨት ጠገነ። ረዳት ሐኪሙ ከቀትር በኋላ ይከትባል፤ ዋሱ ውሻውን ይዞ መቅረብ አለበት፤ መያዝ ያልቻለ ቂጣ እየጣለ ያመጣዋል። ለምግቡ ሴቶቹ ቤት ለቤት ተራ ገቡ፤ የእንጀራ ድርቆሽ፣ የገብስ ቂጣ፣ የተረፈ ሽሮ። ጾም ነውና ከዚህ የተሻለ ነገር ከማንም ቤት አይወጣም። የሚያጠቡት ውሾች ግን በሽሮ አልቆሙም። ስለዚህ ወደ እስላም ሥጋ ቤቱ ሄድኩ።

እዚያ ከአልዩ አምባ በርበሬና ሎሚ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ አረፍ ብሎ አገኘሁ። በአህያ ጭኖ አቀበቱን ወጥቶ ገበያ ይውላል፣ ማታ የሥጋ ቤቱ ባለቤት ጋ ያድራል። ባለሥጋ ቤቱ አንጀቱን ሊሰጠኝ ወዲያው ተስማማ፤ ነጋዴው ግን ጥያቄ አመጣ።

«ለመሆኑ ከበዓሉ በኋላ ውሾቹን ምን ልታደርጊያቸው ነው?»

«የሚወስዳቸው ሰው እየፈለግን ነው።»

«እኛ አገር ዝንጀሮ ማሽላ ጨረሰ፣ በበጋ ደግሞ ጅብ ፍየሉን ጨረሰ። እናንተ እዚህ ውሻ በዛ ብላችሁ መርዝ ትገዛላችሁ?» ሥጋ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሳቁ።

«ግን እናንተ ውሻ ትይዛላችሁ?» አልኩ። በትምህርት ቤት ሌላ ነገር ነበር የሰማሁት።

«ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ይፈቀዳል። ቤት አይገባም፤ ለሀጩ ነጃሳ ነው፣ የነካው ዕቃ ይታጠባል። እኛ ከውሻ ጋር አንድ ማዕድ አንበላም፤ ግን አናስርበውም። አላህ የሚጠይቀን በእሱም ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየገበያው ቀን አንድ ሁለት ውሻ በረዥም ገመድ ታስሮ ከአህዮቹ ኋላ ወደ አንኮበር ይሄድ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ይወርድ ጀመር። እያንዳንዱን የሚቀበለው ገበሬ ማን እንደሆነ ነጋዴው ይነግረናል፤ ነጋዴው ራሱ ዋስ ሆነ።

ምልክቱ ግን ጣጣ አመጣ። አከራዬን ለአንገት የሚሆን ገመድ ይግመዱልን ብዬ ለምኛቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ያላቸውን ክር፣ የሚያውቁትን አገማመድ ተጠቀሙ። ጥቁር ክር፣ በሦስት የተገመደ። ውሾቹ አንገት ላይ ሲታሰር ማተብ ነው። እኔ ሥርዓቱ አምሮልኝ ተደስቼ ነበር፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ ለሁሉም አንድ ውፍረት።

ሰፈሩ አንድ ቀን ብቻ ታገሠ። በማግስቱ ሴቶቹ ውሾቹን እያበሉ፣ እያባበሉ፣ ክሩን አንድ በአንድ ቆረጡት። የተጣላኝ የለም፤ ያልተቆረጠም የለም። ቀትር ላይ የደብሩ ቄስ የተቆረጡትን ክሮች በመዳፋቸው ይዘው ግቢያችን መጡ።

«ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«አባ፣ እኔ ነኝ የገመድኩት» አሉ አከራዬ ከእኔ ቀድመው።

«ሕፃን ክርስትና ሲነሣ የሚታሰር ክር ለውሻ?»

«ሌላ ክር ከየት ላምጣ አባ? እጄ የለመደው እሱን ነው። ማተብ ብዬ አላሰርኩም፤ እንዳይሞት ብዬ ነው ያሰርኩት።»

ቄሱ ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀመጡ። ውሃ ጠየቁ፤ ጾም እንደሆነ ትዝ ሲላቸው መለሱት። እኔ ላስረዳ ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«ገብቶኛል። ሰዉ የቆረጠው ጠልቶ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ቃጫ ግመዱ። ቃጫ የእህል ጆንያ ማሰሪያ ነው፣ ማንንም አያስቆጣም። መርዙ መቼ ነው?»

«ዛሬ ማታ» አልኩ።

ተነሡ። ያን ዕለት ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ የተናገሩትን እዚያ ከነበሩት ሰማሁ፦ ዋስ የሆናችሁ ቃላችሁ ነውና ሳይመሽ ውሾቻችሁን አስገቡ አሉ። ከዚህ በላይ ስለ ውሻ አልተናገሩም።

ዋሶቹ መጡ። ይህን ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ሰዉ በቃጫ ገመድ፣ በነጠላ ጫፍ፣ በቀበቶ ሳይቀር ውሻ እየጎተተ ወደ ክሊኒኩ ይተማል። «የእኔዋን አይታችኋል? አንካሳዋን?» እያለ የሚሮጥ ነበር። አናጺው ጥቁሩን ውሻ ታቅፎ መጣ። ሊቀመንበሩ በረቱ በር ላይ ቆመው፣ ክሩ ተቆርጦ ምልክት የሌለውን አላውቅም ማለት ይችሉ ነበር፤ እያንዳንዱን ሰው «ዋስ ነህ?» ብቻ እያሉ ጠየቁ፣ አስገቡ።

ገብስማው አልነበረም።

ከአከራዬ ጋር ወደ ኬላው ሄድን። እንደ ልማዱ መንገዱን ወደ ጫጫ እያየ ተቀምጧል። ጠሩት፤ ጆሮውን አነሣ እንጂ አልተነሣም። ገመድ አስገባንለት። አራት እግሩን ተክሎ እንቢ አለ። እኔ ከፊት እየሳብኩ፣ እሳቸው ከኋላ እየገፉ፣ አፈሩ ላይ የጥፍሩ መስመር እየቀረ አመጣነው። መንገድ ላይ አንዲት ሴት «ምን አደረገ ብለው ነው የሚያሠቃዩት?» አለቻቸው። አከራዬ ላባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ይገፉ ነበር። በረቱ ሲዘጋበት አጥሩን መቆፈር ጀመረ፤ አናጺው ከሥሩ ድንጋይ ደረደረበት።

በማግስቱ ጠዋት ጋሪው ሲዞር ተማሪዎቼን ወደ ክፍል ቶሎ አስገባኋቸው። ከመስኮቱ ግን ይታያል። ጋሪው ላይ ያሉት ዋስ ያልተገኘላቸው፣ ያላየናቸው፣ በዚያው ሌሊት ከገጠር የገቡ ነበሩ። ሁሉን አዳንን ብዬ ልጽፍ አልችልም፤ አላዳንንም። በረቱ ውስጥ የነበሩት ተረፉ።

ከፋሲካ በኋላ በጎቹ ስለሚመጡ በረቱን መልቀቅ ነበረብን። አብዛኞቹ ውሾች ዋሶቻቸው ቤት ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ ቆላ ወረዱ። ለገብስማው ግን መፍትሔ አልተገኘም። ከበረቱ በወጣ ቀን ተመልሶ ኬላው ሥር ተቀመጠ። ረዳት ሐኪሙ አከራዬን ሳያባብል ነገራቸው።

«እማማ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ክረምት ሳይገባ እንደገና ይጥላል። ሁልጊዜ ጎትተው አይደርሱለትም። ከዚህ መንገድ ካልራቀ ይሞታል።»

«ለሌላ ልሰጠው አይደለም የተሰጠኝ» አሉ። «አደራ ነው።»

ለሁለት የገበያ ቀን ነጋዴው መጥቶ ሲሄድ ገብስማውን አልሰጡትም። በሦስተኛው እኔ ክፍሌ ውስጥ ደብተር ሳርም ከደጅ ሲያነጋግሩት ሰማሁ።

«ወንድሜ፣ ልጄ ሲመጣ ትመልስልኛለህ?»

«እመልሳለሁ።»

«ውሻው ሞቶ ቢሆንስ?»

«ሞቷል ብዬ መጥቼ እነግርዎታለሁ። አልዋሽዎትም።»

«ተሸጠ እንዳትለኝ።»

«እናቴ፣ አደራ በእኛ አማና ነው። አማና አይሸጥም።»

ወጥቼ አየሁ። ነጋዴው የገመዱን ጫፍ ይዞ ቆሟል፤ ውሻው እጁን እንዳይልሰው እጅጌውን ሰብስቧል። አከራዬ ከገብስማው አንገት ላይ ቃጫውን አላልተው እንደገና አሰሩለት፣ እንዳይከረክረው። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። ሲሄድ አላዩም።

ክረምቱን በሙሉ ነጋዴው በመጣ ቁጥር በርበሬውን ሳያወርድ እኛ ግቢ ይደርስ ነበር። መጀመሪያ አልበላም አለ ብሎ ነገራቸው። ቀጥሎ በላ አለ። ቀጥሎ ደግሞ ፍየሎቹን ተከትሎ መዋል ጀመረ፣ ማታ ማታ ብቻ ወደ አቀበቱ ያያል አለ። አከራዬ ሁሉንም ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ «ታስሯል?» «አልታሰረም።» «አልታሰረም» ይሉና እንዝርታቸውን ያነሣሉ።

በመስቀል ሰሞን ትምህርት ቤት ለበዓሉ ሲዘጋ ወርጄ ልየው አሉ። የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበርና ቀበሌ አብረን ሄድን።

«ለምን ጉዳይ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ውሻ ልጠይቅ።»

ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን አነሡ። ከዚያ «ዘመድ ጥየቃ» ብለው ጻፉ። «ዋስ ያስፈልግዎታል» አሉ። እኔ ወረዳው ውስጥ ገና አዲስ ስለሆንኩ መሆን አልችልም ነበር። አናጺውን ጠራሁት። መጥቶ ከሊቀመንበሩ ፊት ቆመና «እኔ ዋስ ነኝ» አለ። በዚህ ጊዜ ግድግዳውን አላየም። በእኛ ሰፈር ሰው ለሰው ዋስ ሲሆን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሌሎችም ተከተሉ።

እስከ አንኮበር በጭነት መኪና ሄድን፤ ከዚያ ቁልቁለቱን በእግር ወረድን። ብርዱ ከኋላችን ቀረ፣ ነጠላችንን ትከሻችን ላይ ጣልን። ነጋዴው የወንድሙ ማሽላ ያለበት ተረተር ድረስ መራን። ማሽላው አፍርቷል። መሃሉ ላይ የእንጨት ማማ ቆሟል፣ ከማማው ሥር ገብስማው ተኝቷል። ጎኑ ሞልቷል።

አከራዬ አልጠሩትም፤ ከማሳው ዳር ቆሙ። ነፋሱ ወደ እሱ ሲዞር ራሱን አነሣ። ከዚያ መጣ፤ ሳይሮጥ፣ እየተጠራጠረ፣ ከዚያ እየሮጠ። እጃቸውን አሸተተ፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ አሸተተ፣ እግራቸው ላይ ተኛ። ጎንበስ ብለው የታጠፈውን ጆሮውን ያዙ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ቆየን። ነጋዴው ራቅ ብሎ ቁጭ አለ።

ከገደሉ በኩል ጩኸት ተሰማ፤ ዝንጀሮ ማሽላው ዳር ደርሷል። ገብስማው ተነሣ። ወደ ጩኸቱ አየ፣ ወደ እሳቸው አየ። እሳቸው እጃቸውን ከጆሮው አነሡ። ሄደ። ማሽላው ሲወዛወዝ ብቻ ይታየን ነበር፤ የጩኸቱ ድምፅ ወደ ገደሉ እየራቀ ሄደ።

አቀበቱን ስንመለስ አከራዬ መንገድ ላይ ቆም አሉ።

«አልጠራሁትም፣ አየሽ?»

«አየሁ፣ እማማ።»

«ብጠራው ይመለስ ነበር?»

«ይመለስ ነበር።»

«እንግዲያው ለልጄ እንዲህ ብዬ እነግረዋለሁ» አሉ። «ሥራ ይዟል እለዋለሁ።»

እኔ ከደብረ ብርሃን እስክዛወር ድረስ ከልጃቸው ደብዳቤ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ነጋዴው ግን በየገበያው ቀን ግቢያቸው መድረሱን አላቋረጠም ነበር።

አሁን አንባቢዬን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሰፈራችሁ ማንም የእኔ የማይለው አንድ ውሻ አለ፤ የት እንደሚተኛም ታውቃላችሁ። ነገ ጎረቤቶቻችሁ በተሰበሰቡበት፣ በዕድርም ይሁን በሌላ፣ ተነሡና ለዚያ ውሻ ዋስ ነኝ በሉ። ልትወስዱት ባትችሉም በሉ፤ ክትባት ያለው፣ በረት ያለው፣ የሚጠበቅ ማሳ ያለው ሌላ ሰው አለ፤ የሚያገናኛቸው ግን መጀመሪያ የሚነሣው ሰው ነው። ሲስቁባችሁ አትቀመጡ። ትንሽ ቆማችሁ ጠብቁ፣ ከኋላ ወንበር ማን እንደሚነሣ እዩ። እባካችሁ ሞክሩት።